የታመመን ሰው እምነት መመዘን ይብቃ

በጂንካም ሆነ በሌሎች የደቡብ ከተሞች፣ በብዙ ጉባኤዎች ውስጥ ማንም ያልጻፈው ሁሉም ግን የሚያውቀው አንድ ደንብ አለ፤ የታመመ ሰው «አሞኛል» ማለት የለበትም። ሊጠይቁት የመጡ ወንድሞችና እኅቶች «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ጌታ ፈውሶኛል» ብሎ እንዲመልስ ይጠበቅበታል። ትኩሳት እያንቀጠቀጠው እንኳ «በሽታውን በአፍህ አታጽናው» ይሉታል። ሳምንት አልፎ ሕመሙ ካልለቀቀው ጥያቄው ይለወጣል። «ያልተናዘዝከው ነገር ይኖር ይሆን?» «ከቤተሰብ የወረስከው መንፈስ አለ?» «በሙሉ ልብህ ነው የተቀበልከው?» ወር ሲያልፍ ደግሞ ጠያቂው እየሳሳ ይመጣል። ያልዳነው ሰው ለትምህርቱ የማይመች ማስረጃ ሆኗልና።

ትምህርቱ ሲጠቀለል ይህ ነው፦ እምነት ያለው ይድናል፤ ያልዳነ እምነት ጎድሎት ነው። እንዲህ ራቁቱን ከመድረክ የሚነገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ነገር ግን በምስክርነት ሰዓት ማይክ የሚሰጠው ለዳነ ሰው ብቻ ነው። የፈውስ ጉባኤ ማስታወቂያ የሚያሳየን ክራንቹን ጥሎ የቆመውን እንጂ ክራንቹን ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰውን አይደለም። ሕዝቡ ከዚህ የሚማረውን ይማራል።

እኔ አማኝ ነኝ፤ እግዚአብሔር እንደሚፈውስም አምናለሁ። ይህን እያመንኩ ትምህርቱ ሐሰት ነው እላለሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይጣላል፤ ከገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ጋር ይጣላል፤ በደቡብ ኦሞ ምድር ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። እምነት ለታመመ ሰው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ጽናት ነው። በሕመሙ ውስጥ የጸና አማኝ ከዳነው እኩል ምስክር ነው፤ አንዳንዴም ይበልጠዋል።

ሕይወት ያስከፍላል ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መከሰቱ ሲረጋገጥ ቦታው ጂንካ ነበር። ይህ በሽታ ከፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ወደ ሰው ይሻገራል፤ ከሰው ወደ ሰው ደግሞ በደም፣ በትውከትና በሌላ የሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል። አጀማመሩ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ነው፤ ወባ በለመደው አካባቢያችን «ያው ወባ ነው» የሚያሰኝ ዓይነት። ወረርሽኙ ሲነሣ ፈቃድ ያገኘ ክትባትም ሆነ መድኃኒት አልነበረውም። ሰውን የሚያተርፈው በጊዜ ሆስፒታል መድረስ፣ ከሰውነቱ የወጣውን ፈሳሽ መተካትና ቀንና ሌሊት በቅርብ መከታተል ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ ደግሞ ታማሚው «አሞኛል» ማለቱ ነው። ይህን ቃል የክህደት ምልክት ያደረገ ትምህርት በእንዲህ ያለ ወቅት ምን እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም። ትኩሳቱን የደበቀ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። ያስታመመችውን እናቱን፣ እጁን የጫነበትን አገልጋይ፣ አስከሬኑን የሚያጥበውን ጎረቤት አብሮ ያጋልጣል።

በዚያ ወረርሽኝ ከተያዙትና ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። ሥራቸው የሚሠቃየውን ሰው ማንሣትና ማጠብ፣ ግሉኮስ መሰካት ነበር። እምነት ያለው አይታመምም የሚለው ትምህርት ስለ እነሱ ምን ይላል? ጎድሏቸው ነበር ሊል ነው? በአልጋው አጠገብ የቆመችው ነርስ እምነት ከጎደላት፣ ከቃሉ በቀር ምንም ሳይነካ «ተፈውሰሃል» የሚለው ሰው እምነት በምን ይታወቃል? ለእነዚህ ሰዎች አፍ ሞልቶ መልስ መስጠት ያልቻለ ትምህርት በሌላው ታማሚ ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ የለበትም።

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚሁ በሽታ ስትጠቃ 66 ሰዎች ተይዘው 15 ሞተዋል። አንጎላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ከ100 ታማሚ 88 ያህሉ ሞቷል። ሩዋንዳዊው ከአንጎላዊው የበለጠ ስላመነ አይደለም የተረፈው። ቶሎ ተለይቶ፣ የታጠቀ የሕክምና ክፍል ውስጥ በሠለጠኑ ሰዎች ስለታከመ ነው። የኦሞ ሸለቆም ይህን ልዩነት በራሱ ላይ አይቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ተፋሰስ ጭምር፣ የወረደው ቢጫ ወባ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ከባዱ ነው ይባላል፤ 100,000 ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በ2005 ዓ.ም. ያው በሽታ በደቡብ ኦሞ እንደገና ታየ። ያን ጊዜ ግን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ለመከተብ ዘመቻ ተነሣና የቀድሞው እልቂት አልተደገመም። ወንዙ ያው ነው፣ ትንኟም ያችው ናት፣ የሚጸለይበትም አምላክ አንድ ነው። አባቶቻችን ያለቁት ሳያምኑ ቀርተው ነው የሚል ሰው ካለ በመቃብራቸው ላይ ቆሞ ይናገረው። ክትባቱ አልደረሰላቸውም ነበር። ለእኛ ደረሰን፤ መድረሱንም ምሕረት ብዬ እጠራዋለሁ።

ትምህርቱ መጽሐፍ ቅዱስን ይዞ ስለሚቆም በዚያው በመጽሐፉ እንገናኝ። በማርቆስ ወንጌል አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ ሕዝቡ መግቢያ ቢያሳጣቸው ጣራውን ነድለው አወረዱት። ወንጌሉ ኢየሱስ አየው የሚለው እምነት ብዙ ሰው ተባብሮ ያሳየውን እምነት ነው፤ የተኛው ሰው ለብቻው ተጠርቶ ስንት እንዳመነ አልተጠየቀም። ከአሪ ደጋ ቀበሌዎች መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ድረስ ታማሚ በቃሬዛ ተሸክሞ የወረደ ሰው ይህን ታሪክ ከማንም ሰባኪ ይልቅ ያውቀዋል። በቃሬዛ ላይ ያለው ሰው እንዲራመድ አይጠበቅም። ትከሻ የሚቀያይሩት፣ ጭቃው ላይ የሚንሸራተቱት፣ ወንዝ ሲሞላ ጠብቀው የሚያሻግሩት ተሸካሚዎቹ ናቸው። መንገድ ላይ ቃሬዛውን አውርደው «አንተ ስለማታምን ነው የከበድከን» የሚሉ ተሸካሚዎች ቢኖሩ አገር ይታዘባቸው ነበር። በጉባኤ ውስጥ ሲሆን ግን ይኸው ነገር መንፈሳዊ ምክር ይባላል።

ያዕቆብ በመልእክቱ ታማሚውን ያዘዘው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌዎችን እንዲያስጠራ። የሚመጡት፣ ዘይት የሚቀቡት፣ በእምነት የሚጸልዩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እንግዲህ ተጸልዮለት ላልዳነ ሰው የእምነት ጉድለት ይፈለግ ከተባለ፣ መፈለግ ያለበት አልጋውን ከበው በቆሙት ዘንድ ነው። ይህን የሚያስተምር የፈውስ አገልጋይ እስካሁን አልገጠመኝም። ጉድለቱ ሁልጊዜ የሚገኘው መልስ ለመስጠት አቅም ባጣው ሰው ላይ ነው።

ጳውሎስንም እንውሰድ። በልብሱ ጨርቅ እንኳ ሕሙማን ይፈወሱበት እንደነበር የሐዋርያት ሥራ የሚመሰክርለት ሰው ነው። ይኸው ሰው ከሥጋው መውጊያ እንዲገላገል ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወሰደለትም፤ የተሰጠው በድካሙ የሚበቃ ጸጋ ነው። ባልደረባውን ጥሮፊሞስን በሚሊጢን ታሞ እንደተወው ራሱ ጽፏል፤ ሲጽፍም አንድ የወቀሳ ቃል አልጨመረበትም። ጢሞቴዎስ የሆድ ሕመም ሲደጋገምበት የጻፈለት ምክር ጥቂት ወይን እንዲወስድ ነው፤ በዚያ ዘመን እንደ መድኃኒት የሚታዘዘውን። በጉዞው አብሮት የነበረው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ከእነዚህ በፊት ደግሞ ንጉሥ ሕዝቅያስ አለ። ጸልዮ ተሰማለት፣ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ቢሆንም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። የተስፋው ቃል ከእግዚአብሔር አፍ ወጥቶ እያለ መድኃኒቱ አልቀረም። ዛሬ ኢሳይያስ በአንዳንዱ ጉባኤያችን ቢገኝ «ለምን ተጠራጠርክ?» ሳይባል የሚቀር አይመስለኝም።

የኢዮብ ወዳጆች ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥ ሊያስፈራን ይገባል። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ መሬት ላይ አጠገቡ ተቀምጠዋል። እስከዚያ ድረስ ከእነሱ የተሻለ ጠያቂ አልነበረም። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የተበላሹት። ከንጹሑ ሰው ውስጥ ኃጢአት ፍለጋ ገቡ፤ አቀራረባቸው መንፈሳዊ፣ ቃላቸውም ያማረ ነበር። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ሲያጉረመርምና ሲከራከር በከረመው በኢዮብ ላይ አይደለም፤ በእነሱ ላይ ነው። በሽተኛ ልጠይቅ ብሎ ቤቱን የሚለቅ አማኝ ሁሉ ይህን መጽሐፍ በመንገዱ ቢያስታውስ ብዙ ታማሚ ከብዙ ቁስል ይድን ነበር።

ደግሞስ የእኛዋ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ደቡብ ምድር ላይ የቆመችው በማን ጫንቃ ነው? የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ ሲደርሱ መሪያቸው ዶክተር ቶማስ ላምቢ ሐኪም ነበሩ፤ ወንጌሉና መርፌው አንድ ላይ ነው የገቡት። ጣልያን ሚስዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 50 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግርፋትና እስር ነው፤ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ መሪዎች በአደባባይ ተገርፈዋል። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ 10,000 ያህል አማኝ ጠበቃቸው። እንደ ማሃይ ጮራሞ ያሉ ወንጌላውያን ከወላይታ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ኦሞ የወረዱት ከዚያ ሕዝብ መካከል ነው። ያን ሕዝብ ያበዛው ከግርፋት ማምለጡ ነው? ተገርፎ አለመካዱ ነው እንጂ።

በደርግ ዘመንም የሆነው ይኸው ነው። በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። ሁለቱም እምነት ስለጎደላቸው አልዳኑም የሚል ክርስቲያን በኢትዮጵያ ውስጥ አላውቅም። ሰማዕታት እንላቸዋለን፤ ልጆቻችንን በስማቸው እንመክራለን። ከእስር ቤት ያልወጣውን «ጸና» ብለን የምናከብር ሰዎች፣ ከአልጋ ያልተነሣውን «አላመነም» የምንለው በየትኛው ሚዛን ነው? በወኅኒ ቤት የጸናና በካንሰር ክፍል የጸና ሰው በምን ይለያያሉ? ሁለቱም አምላካቸው ሊያስወጣቸው እንደሚችል ያምናሉ። ሁለቱም አልወጡም። ሁለቱም አልካዱትም። ለአንዱ መታሰቢያ ጉባኤ እናደርጋለን፤ ለሌላው የተሸሸገ ኃጢአት እንፈልጋለን።

ደቡብ ኦሞን የሚያውቅ ሰው የዚህን ትምህርት ሥር ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለበትም። በኦሞ ሸለቆ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ዘንድ በነበረው የሚንጊ ልማድ አንዱ መነሻ በሕፃን አካል ላይ የታየ ምልክት ነው። የላይኛው ጥርስ ቀድሞ ከበቀለ ልጁ ርኩስ ተብሎ ለድርቁም፣ ለበሽታውም፣ ለሞቱም ምክንያት ተደርጎ ይጣል ነበር። ይህን ለማስቀረት ብዙ ተደክሟል። ላሌ ላቡኮ የተባለው የካሮ ተወላጅ የተጣሉ ሕፃናትን ሰብስቦ ጂንካ ውስጥ አሳድጓል፤ የካሮ ሽማግሌዎችም በ2004 ዓ.ም. ልማዱን በይፋ አስቁመዋል። ሽማግሌዎቹ ከአባቶቻቸው የወረሱትን መርምረው በሰውነት ላይ የወጣ ምልክት ጥፋተኛ አያደርግም ብለው ወስነዋል። እኛ ወንጌል ተቀብለናል የምንለው ግን በሰው አካል ላይ ዕጢ ወይም ሽባነት ስናይ «የማን ኃጢአት ነው?» እያልን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ይህንኑ ጠይቀው ኢየሱስ የእሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ ዘግቶባቸዋል። ከ2,000 ዓመት በኋላ ጥያቄውን መልሰን ከፍተን፣ አዲስ ልብስ አልብሰን፣ «የትውልድ እርግማን» ብለን እንጠራዋለን። ወንጌል ሰዉን ካወጣበት ፍርሃት ውስጥ በወንጌል ስም መልሶ የሚከት ትምህርት ነው።

የትምህርቱ ወዳጆች መልስ የላቸውም አልልም፤ ሁለት ጠንካራ ነገር ይላሉ።

አንደኛው «የዳኑትን አላየህም ወይ?» ነው። አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት የተነሣ ሰው መመስከሩ ተገቢ ነው፤ ምስጋናውን የሚያፍን ሰው አልሆንም። ነገር ግን የአንዱ መዳን ለሌላው መክሰሻ የሚሆንበት መንገድ የለም። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዙሪያ ብዙ ሕሙማን ተኝተው ሳለ ኢየሱስ ያነሣው 38 ዓመት የታመመውን አንዱን ሰው ነው፤ ያም ሰው ማን እንዳዳነው እንኳ አያውቅም ነበር። የተቀሩት ስላላመኑ ቀሩ የሚል ቃል በወንጌሉ የለም። ፈውስ ስጦታ ከሆነ ያልተሰጠው ሰው ተከሳሽ ሊሆን አይችልም። ደመወዝ ከሆነ ደግሞ ጸጋ የሚለውን ቃል ከስብከታችን እናውጣው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። «ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ ገንዘብ የለም። ከዳሰነች፣ ከኛንጋቶም ወይም ከሙርሲ መንደር ተነሥቶ ጂንካ እስኪደርስ ሰው ይሞታል። ጂንካ ደርሶም ሪፈር ከተባለ አርባ ምንጭ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድሃው የቀረው እምነቱ ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ እሱንም ልትነጥቀው ነው።» ስለ መንገዱም ስለ ገንዘቡም የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ይህ ትምህርት ጉዳቱን የሚያሳርፈው ግን በዚሁ ድሃ ላይ ነው። ባለ ገንዘቡ አማኝ የስኳሩንና የደም ግፊቱን መድኃኒት በኪሱ ይዞ ወደ ፈውስ ጉባኤ ይገባል፤ «አሜን» ይላል፤ ማታ ክኒኑን ይውጣል። ቃሉን እንደተነገረው አምኖ መድኃኒቱን የሚጥለው፣ ለትራንስፖርት ያጠራቀመውን ለጉባኤ መባ የሚሰጠው፣ ሲብስበት ደግሞ ኀፍረት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሳይመለስ የሚቀረው ድሃው ነው። ድሃው ሐኪም ጋ መድረስ ካልቻለ የአማኞች ሥራ ማድረስ ነው። በሉቃስ ወንጌል ያለው ሳምራዊ መንገድ ላይ ለወደቀው ሰው ጸሎት አድርሶ አላለፈም። ቁስሉን በዘይትና በወይን አጠበለት፤ በአህያው ጫነው፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ቢጎድል በመልሴ እሰጣለሁ ብሎም ተፈራረመ ማለት ይቻላል። ትራንስፖርት፣ አልጋና የሕክምና ወጪ መሆኑ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ የወደቀው ሰው ሃይማኖት ጨርሶ አልተጠየቀም።

አሁን እምነት ለታመመ ሰው ምን ያደርጋል ወደሚለው ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ይህ ነውና። ፈውስን ብቻ የሚቆጥር ትምህርት የእምነትን ትልቁን ሥራ ከዓይናችን ሰውሮታል።

የሳንባ ነቀርሳ የያዘውን ሰው እናስብ። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪዎቹ አራት ወራት ሁለት ዓይነት። መድኃኒቱ ሽንት ያቀላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ባልጠገበ ሆድ ላይ ሲወሰድ ይከብዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሉ ይቀንሳል፣ ላቡ ይቆማል፣ ሰውነት ይመለሳል። ከሁሉ አደገኛው ይህ ወቅት ነው። ጀርሞቹ ሁሉ አልሞቱም፤ ሰውየው ግን ደህና ነው። «ድኛለሁ» ብሎ እንዲመሰክር የሚጠራውም በዚህ ሰዓት ነው፤ መድኃኒቱን መቀጠሉ ደግሞ የተናገረውን መካድ ይመስለዋል። ካቆመው በሽታው መድኃኒት የለመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለማከም ይበልጥ ከባድ ነው፤ አብረውት የሚተኙት ልጆቹም ያንኑ ይተነፍሳሉ። የሚያጸና እምነት ግን ለዚህ ሰው የተሠራ ያህል ይስማማዋል። በየማለዳው ተነሥቶ ይጸልያል፤ ከጸሎቱ ጋር ክኒኑን ይወስዳል። ደህና ሆኖ ሳለ እንደ ታማሚ መታዘዝ ለሰው ሁሉ ይከብዳል፤ ለማይታይ ነገር ታምኖ መኖርን የተማረ ሰው ግን ይችለዋል። እስከ መጨረሻው ቀን የዋጠው ክኒን ሁሉ የእምነት ሥራ ነው፤ በምስክርነት ሰዓት ሊነገር የሚገባው የእምነት ሥራ።

በሞተር ሳይክል አደጋ እግሩ የተሰበረው ወጣትም እንዲሁ ነው። ጀሶው ሲፈታ ሁሉ ያበቃ ይመስለው ነበር። ገና ነው። ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል፤ ጡንቻው ሟሟል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያዘዘው እንቅስቃሴ እንባ ያስወጣል። ዛሬ ከትናንት የሚለየው ማንም የማያየው ነገር ነው። በዚህ ጊዜ «በአንድ ጊዜ ተነሥ» የሚለው ስብከት ለእሱ ዱላ ነው። ዛሬ ከአልጋ እስከ በር፣ ነገ ከበር እስከ አጥር እየሄደ «እስከዚህ ረዳኝ» ብሎ የሚያመሰግን ልጅ ግን የሚሠራበትን እምነት ይዟል። ስትሮክ ግማሽ አካሏን የያዘባት እናት ማንኪያ ለመያዝ ወራት ስትታገል የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። አንዳንዱ ደግሞ አይድንም። እሱ የሚያስፈልገው እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ያልተጣለ መሆኑን ማወቅ ነው፤ እምነት ይህን ሊሰጠው ይችላል። ያልዳነ እምነት የለውም የሚለው ትምህርት ግን ሊሞት በቀረበው ሰው እጅ ላይ ያለችውን ይህችን የመጨረሻ ተስፋ ይነጥቃል፤ «ሳላምን ቀርቼ ነው» እያለ እንዲሞት ያደርጋል። ከዚህ የከፋ ጭካኔ በእግዚአብሔር ስም ሲፈጸም አላውቅም።

ነገሩ የወንጌላውያን ብቻ እንዳይመስል፣ ጸበል ስንገባ መድኃኒት እናቁም የሚለው አመልም የዚሁ ወንድም ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ስንቱ ጸበል ብሎ መድኃኒቱን አቋርጧል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በግልጽ ተናግረዋል፤ ብዙ አባቶችም ይህንኑ አስተምረዋል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን አክብር፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው በሚል መንፈስ ያስተምራል። የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ ያስተማሩትን የወንጌላውያን መጋቢዎች ከመድረካቸው በዚያው ድፍረት የማይናገሩበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ በደቡብ ኦሞና በአሪ ለምታገለግሉ መጋቢዎች፣ ሽማግሌዎችና ወንጌላውያን የምለው አለኝ። መድኃኒት አቁሙ የሚልን ሰው፣ ስሙ ነቢይም ይሁን ሐዋርያ፣ መድረክ አትስጡት። ምስክርነት ስትጠሩ ያልዳነችውን እኅት ጥሩ፤ አንድ ዓመት እግዚአብሔር እንዴት እንደያዛት ትንገረን። በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ እምነቱን አትመርምሩ፤ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቁና አብራችሁት ሂዱ። ትኩሳት ያለውን ሰው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ በመንገድ ሳለ ጸልዩለት። ለአማኙም ለጎረቤቱም የምለው ይኸው ነው፤ እድራችን ለቀብር ድንኳን የሚያዋጣውን ያህል ለሕክምናም ያዋጣ።

ገንዘብ ያዦችም አትቅሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ በየጉባኤያችሁ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። የዘንድሮውን የፈውስ ጉባኤ በጀት ከማጽደቃችሁ በፊት የእነሱን መዋጮ ከመባው ላይ ክፈሉ፤ ምዝገባው ሳይዘጋ ስማቸውን አስመዝግቡ።